ያልቀዘቀዘው ጠርዝ

የአናጺው ሚስት ዓይኗ ከቀን ወደ ቀን እየደከመ ነበር። ጨርሶ ሳይጠፋ ጨረቃን አቅርቤ አሳይሻለሁ ብሎ ቃል ገብቶላታል፤ በገዛ እጁ የሚሠራው የቴሌስኮፕ መስታወት ግን ጠርዙ ላይ ሲደርስ መከራውን አበላው። ጠርዙን በአውራ ጣቱ እያሸ ያስተካክላል። የጣት ሙቀት መስታወቱን ስለሚያሳብጠው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል፤ ከዚያ መብራት አብርቶ፣ ትንሿን እብጠት እንኳ የሚያጋልጠውን፣ መስታወቱ ላይ የሚታየውን ጥላ ያያል።

ዛሬ ከነጋ አልነካውም። ጥላው ግን ጠርዙ ላይ የተደረደሩ አራት እብጠቶች አሳየው።

«መስታወቱን ነክተሽዋል እንዴ?»

«ኧረ እኔ አልነካሁም! ከአልጋዬ መች ወረድኩ?» አለችው ከመኝታ ቤት። «አለቀ? መጥቼ ልየው?»

«ትንሽ ታገሺኝ፣ እመቤቴ።»

እብጠቶቹን ዳሰሳቸው። ይሞቃሉ፤ ደግሞም ከእሱ ጣቶች ይቀጥናሉ። እርጥብ ጨርቅ ጣለበት፣ አራገበው፣ «እባክህ ቀዝቅዝልኝ» ብሎ እንደ ሰው ለመነው። ጨርቁን አንሥቶ መብራቱን መልሶ ሲያበራ አራቱ እንዳሉ ናቸው። በወዲያኛው ጠርዝ ደግሞ ሌሎች አራት ቀስ ብለው ተነሡ፤ አጥር ጨብጦ ወዲህ ለማየት የሚንጠራራ ሰው ጣቶች ይመስላሉ።

«ልምጣ ወይ?» አለች ሚስቱ።

የመስታወቱ መሃል፣ እንደ ሰው ራስ ክብ ሆኖ፣ ማበጥ ጀመረ።