ባለ አረንጓዴ ጥለቱ ነጠላ

ኦይታ ከሰኞ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶታል። ወሬውን ያመጣው ባለሱቁ ሳሊሕ ነው።

«ጋሽ ኦይታ፣ እርስዎም ቤት ቢራ ተጀመረ እንዴ? ያ ባለ አረንጓዴ ጥለት ነጠላችሁ ሲቀላ ሰፈር፣ የቢራ ጠመቃና የጠርሙስ አሞላል ሥልጠና አዳራሽ ሲገባ ከጀርባ አየሁት።»

«ተሳስተህ ነው» አለ ኦይታ። ሳሊሕ ሳቀ።

ኦይታ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። አምና ፋንታዬ አረቄ ስትሸጥ ተገኝታ ከኅብረት ስትታገድ፣ መጀመሪያ እጁን ያወጣው እሱ ነበር። የፊታችን እሑድ ደግሞ የልጁ የኢየሩስና የአሮን መተጫጨት በጉባኤ ፊት ይነገራል። ይህ ነገር ከተሰማ ግን ቀረ ማለት ነው።

ቤት ሲገባ ነጠላው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። እናትና ልጅ በየተራ ይለብሱታል። አሸተተው፤ ብቅል ብቅል ይላል። ጫፉ ላይ የተቋጠረ ወረቀት ፈትቶ አነበበ።

«ብቅሉን ነክሳችሁ እዩት። ጠርሙሱን እስከ አፉ አትሙሉት።»

ጽሑፉ የኢየሩስ ነው። ሚስቱ ጌጤ እንደሆነ ፊደል አልቆጠረችም። በእርግጥ ጌጤ ላንቴ መንደር ሳለች በጠላዋ የታወቀች ነበረች፤ ጌታን ከተቀበለች ግን ሃያ ዓመት አለፋት። ልጅቷ ከእናቷ ወርሳ ይሆን ብሎ ሰጋ።

«ኢየሩስ የት ነው የምትውለው?»

«ኮምፒውተር ትምህርት ነዋ!» ጌጤ የዳቦውን ሊጥ ገልጣ አሸተተች። «ገና ነው፤ አንድ ሰዓት ይቀረዋል።»

«ነጠላው ምን ምን ነው የሚለው?»

«ልጅቷን ተዋት፣ አንተ ሰውዬ! ለእሑድ ደስ ብሏት ትቅረብ።»

ዳቦው ከተጋገረ በኋላ ጌጤ ከሴቶች ኅብረት ጋር የታመሙ ልትጠይቅ ወጣች። ኦይታ ምሳውን ሳይጨርስ በባጃጅ ሲቀላ ደረሰ። የአዳራሹን መስኮት ተጠግቶ ነጭ ካፖርት የለበሱትን ሠላሳ ሰልጣኞች አንድ በአንድ አያቸው። ኢየሩስ የለችም። ደግሞ አያቸው። የለችም።

«ማንን ፈለጉ፣ ጋሼ?» አለ ጥበቃው።

«ልጄን ነበር። እሰይ፣ የለችም።»

«ቀስ ይበሉ፤ አሰልጣኟ ስታሸት አይወራም።»

«ገና ነው፤ ሁለት ቀን ይቀረዋል» አለች ጌጤ ብርጭቆውን ከአፍንጫዋ እያራቀች፤ ሠላሳውም ሰልጣኞች ቃሏን ጻፉ።