ለአንገቱ ሰው ዱቤ የለም

ኡሙሰልማ ሮቤ ገበያ ዳር ፍራሽና ብርድ ልብስ ትሸጣለች። ዱቤም ትሰጣለች፤ ዱቤዋ ግን በአገር ነው። የጎባ ሰው ደመወዝተኛ ነውና ወር ሳይሞላ ይከፍላል። የሶፍ ዑመርን ሰው እህሉ እስኪገባ ትታገሰዋለች። ከሐረና ጫካ፣ ከአንገቱ ለመጣ ግን ትራስ እንኳ በዱቤ አይወጣም።

ይህ ሁሉ በአንድ ሰው የመጣ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ኡመር የሚባል የአንገቱ ገበሬ አንድ ፍራሽ ወሰደ። "ቡናዬን ስሸጥ እልካለሁ" አለ። የቡናው ወቅት አለፈ፤ ብሩ አልመጣም። ዓመት ሊሞላው ሲል አንድ የሮቤ ሾፌር፣ አፉ የተሰፋ አንድ ከረጢት ያልተፈለፈለ ቡና ሱቁ በር ላይ አወረደ።

"ከኡመር ነው። ሰላም በልልኝ ብሏል" አለና ሄደ።

ኡሙሰልማ ከረጢቱን እንደተሰፋ ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ዕዳ ካለበት ሰው ስጦታ መብላት ወለድ መብላት ነው ብላ አንዲት ፍሬ አልነካችም። የሰው ነውር አይገለጥም ብላም ከልጇ ከሳላሀዲን በቀር የኡመርን ስም ለማንም አላነሳችም። ዝም ብላ ዱቤውን ዘጋች። የአንገቱ ሰው ባዶ እጁን በሄደ ቁጥር ግን ያን ቀን ሙሉ የሰው ዓይን ማየት ያቅታታል።

አንድ ረፋድ ለሊሴ የምትባል ወጣት ሰላምታ ሰጥታ ገባች። ቀሚሷ ጫፉ ድረስ አቧራ ለብሷል።

"አዴ፣ እትዬ፣ እናቴ ወገቧን ታማ ጎባ ሆስፒታል ሰንብታ ዛሬ ወጣች። መደብ ላይ እንዳትተኛ፣ ፍራሽ ግዙላት ተባልን። ግማሹን አሁን ልስጥዎት፣ ግማሹን በወሩ አመጣለሁ።"

"ከየት ነሽ ልጄ?"

"ከአንገቱ።"

ኡሙሰልማ እጇን ከፍራሹ ላይ አነሳች። "ለአንገቱ ዱቤ አቁመናል።"

"ምን አደረግናችሁ?"

"አንቺማ ምን አደረግሽ።"

"ታዲያ ማነው ያደረገው?"

ኡሙሰልማ ፊቷን አዙራ ብርድ ልብስ ማጠፍ ጀመረች። ለሊሴ "ሀ ታኡ፣ ይሁን" ብላ ወጣች።

ሳላሀዲን ከውስጥ ሳቀ። "እናትየው ጎባ ተወልዳ ቢሆን ዛሬ ፍራሽ ላይ ታድር ነበር።"

"ዝም በል አንተ!"

ዙህር ስትሰግድ ግንባሯ ምንጣፉን ሲነካ ልስላሴው ከበዳት። መደብ ላይ የሚተኛ ወገብ ታሰባት። ስንት ረከዓ እንደሰገደች ጠፋትና ከመጀመሪያው ደገመችው። ከዚያም ከረጢቱን ከሚስማሩ አውርዳ አዝላ ወደ መናኸሪያ ሄደች።

ለሊሴ እናቷን ግድግዳ አስደግፋ መኪና ትጠብቅ ነበር።

"እንቺ ይሄን። እኔ ልበላው አይገባኝም፣ ላንቺ ግን ሰደቃ ነው። የአገራችሁ ቡና ነው፤ እዚሁ ሽጪና ለፍራሹ ጨምሪበት።"

እናትየው ከተቀመጡበት ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቋት። ኡሙሰልማ ምርቃቱ ሳያልቅ ተመለሰች። ቀለል ይለኛል ብላ ነበር፤ አልቀለላትም።

የዐስር ሶላት ሳይደርስ ለሊሴ እያለከለከች መጣች።

"ይኸውልሽ እማ" አለ ሳላሀዲን፣ "አንዴ ስትሰጫት ለመደች። ቡናው አነሰኝ ልትል ነው።"

ለሊሴ ፍራሾቹን ቀና ብላ አላየችም። በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

"ነጋዴው ሚዛን ላይ ሲገለብጠው ከሥር ወጣ። ቡናውን ነው የሰጡኝ እንጂ ይሄን አይደለም ብዬ መጣሁ። አልነካሁትም አዴ፣ ይቁጠሩት።"

ሳላሀዲን ላስቲኩን ፈታው። ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ብርና ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ነበር። ወረቀቱን ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ እስኪጨርስ ግን ድምፁ እየሰለለ ሄደ።

"አዴ ኡሙሰልማ፣ የፍራሹ ዋጋ ይኸው፤ ስለዘገየሁ አፉ ይበሉኝ። የሮቤ ሾፌር አይታመንም ስለሚባል ብሩን ከቡናው ሥር ደብቄዋለሁ። ኡመር ነኝ።"