ስድስት ቅርንጫፍ ያለው በረዶ

ሲስተር ከበቡሽ የክትባት ክፍሉን ቁልፍ ከአንገት መስቀሏ ጋር አስራ ነው የምትይዘው። ሁለተኛው ቁልፍ ዘበኛው አሳምነው ዘንድ ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ፍሪጁ መሥራቱን የሚያየው እሱ ነውና። ከሆሳዕና ወጣ ብላ ባለችው በዚያች ጤና ጣቢያ ከፍሪጁ በቀር ይህን ያህል የሚጠበቅ ነገር የለም።

ፍሪጁ አሮጌ ነው። ከውስጥ በግራ በኩል የቅዝቃዜ ማዞሪያ አለው፤ ከማዞሪያው ሥር ሲስተር ከበቡሽ በቀይ እስክሪብቶ የጻፈችበት ፕላስተር ተለጥፏል፦ «እንዳትነኩ! ከበቡሽ።» ክትባት ቅዝቃዜ ይወዳል፤ በረዶ ከሠራ ግን ሞተ፣ ይደፋል። ይህን ለማስረዳት ያልለፈለፈችበት ቀን የለም። አሳምነው ግን የሚጠጣውን ውሃ በሃይላንድ እየሞላ እዚያው ይከታል።

«አቶ አሳምነው፣ ይህ የሕፃናት ክትባት ነው ወይስ የእርስዎ ግሮሰሪ?»

«ኧረ ሲስተር፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ ማንን ይነክሳል?»

አርብ ከሰዓት ሰላማዊት ከካርድ ክፍል መጣች፤ መቀስና ነጭ ወረቀት ይዛ። ለካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ የገና ጥድ ጌጥ የምትሠራው እሷ ናት። ሲስተር ከበቡሽ ይህችን ልጅ ትወዳታለች፤ ስለምትወዳትም አትምራትም። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው።

«ይሄ ምንድነው? የጋሪ ጎማ?»

«በረዶ ነው፣ ሲስተር። ስድስት ቅርንጫፍ አለው። ገበያ የሚሸጡት ፕላስቲክ ስምንት ነው፤ ውሸታቸውን ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን ስድስት ስድስት እየሆነ ነው የሚያያዘው።»

«ባለፈው ፎንቆ ላይ የወረደው በረዶስ ስንት ቅርንጫፍ ነበረው? የወንድሜን ስንዴ ሲያስተኛው ቆመን አልቆጠርንለትም።»

«እሱማ የዝናብ ጠብታ ነው የረጋው፤ ለዚያ ነው ጠጠር የሚሆነው። ኮከብ የሚወጣው እንፋሎቱ ውሃ ሳይሆን በቀጥታ በረዶ ሲሆን ነው። እሱም አየሩ በጣም ከቀዘቀዘ።»

«አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ የት አይቼ!»

«እንግዲያው አርፈሽ መልአክ ሥሪ። ያላየሽውን ስትቀጂ ይኸው ጎማ ወጣልሽ።»

ሰላማዊት ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልረዘመም። ሲስተር ከበቡሽ ሺንሺቾ ለቅሶ መድረስ ነበረባትና መኪና እንዳያመልጣት ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠቻት።

«ጋዋኔን ስቀዪልኝና ቆልፊው። ሰኞ ትሰጪኛለሽ።»

ሰኞ ጠዋት ሰላማዊት በር ላይ ጠብቃ ቁልፉን አስረከበቻት።

«እጅሽ እንዴት ይቀዘቅዛል! ቁርስ ሳትበዪ ነው የመጣሽው» አለች ሲስተር ከበቡሽ፤ ከምሳዋም ቆጮ ቆርሳ ሰጠቻት።

ከዚያ ገብታ ፍሪጁን ከፈተች። ማዞሪያው መጨረሻ ደርሷል። የውስጡ ግድግዳ ነጭ የበረዶ ላባ አብቅሏል፤ ፕላስተሩ ላይ ሳይቀር። በንዴት በጥፍሯ ፋቀችው። የክትባቱ ብልቃጦች በረዶ ሠርተው ድርቅ ብለዋል። ከመሃላቸው የአሳምነው ሃይላንድ ሆዱን ነፍቶ፣ ድንጋይ ሆኖ ቆሟል።

በረንዳው ላይ እናቶች ሕፃን ታቅፈው ተደርድረዋል። ከፎንቆ በኩል በእግር የመጡ አሉ። ትክትክ ገባ እየተባለ ነው። ሲስተር ከበቡሽ ወጥታ «ዛሬ የለም፤ ተበላሽቷል» አለች። ከፊት የተቀመጠችው ሴት ልጇን መልሳ አዝላ ተነሳች። ብትሳደብ ይሻል ነበር።

ከሰዓት የጣቢያው ኃላፊ ማቴዎስ ሠራተኛውን ሰበሰበ።

«ቁልፍ ያለው ማነው?»

«እኔና እሱ» አለች ሲስተር ከበቡሽ።

አሳምነው ቆቡን አውልቆ ቆመ። «ውሃውን ከትቻለሁ፣ አልክድም። ትናንት ነው የከተትኩት። ማዞሪያውን ግን እግዚአብሔር ያያል፣ አልነካሁም።»

«ታዲያ ማን ነካው? ክትባቱ ራሱ ሞቀኝ ብሎ አዞረው?» አለች ሲስተር ከበቡሽ።

ሰው ሳቀ። ሰላማዊት ብቻ እጇን አወጣች።

«ጋሼ አሳምነው ላይሆኑ ይችላሉ። ከገና በኋላ ረጋ ብለን ብናየው…»

«አንቺ ደግሞ ለሁሉ ታዝኛለሽ! እስቲ ለሕፃናቱ እዘኚ» አለቻት ሲስተር ከበቡሽ።

ሰላማዊት ቁጭ አለች።

አሳምነው ጡረታው አፋፍ ላይ ሳለ ተባረረ። የደንብ ልብሱን አጥቦ፣ አጣጥፎ፣ ቁልፉን ከላይ አድርጎ አስረከበ። ሲስተር ከበቡሽ ያለችው ሆነላት፤ ንዴቷ ግን አልበረደም። አዲስ ክትባት «መንገድ ላይ ነው» ይባላል፤ መንገዱ አያልቅም። እናቶቹ ይመጣሉ፣ ይመለሳሉ።

የገና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ጥዱን ከቦ ቆመ። የወረቀት በረዶዎቹ ከየቅርንጫፉ ተንጠልጥለው ይሽከረከራሉ፤ ክንዳቸው ላባ ላባ ሆኖ፣ ከላባው ላይ ሌላ ላባ ወጥቶበት፣ አንዱ ሌላውን አይመስልም። ሲስተር ከበቡሽ ቀርባ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ይሄ እንኳ ጎማ አይደለም» አለች በመጨረሻ። «ከየት አመጣሽው?»

«ከኢንተርኔት» አለች ሰላማዊት፤ ጥዱን እያስተካከለች።

«ምን ኢንተርኔት!» አለች እናቷ ዘነበች፣ በኩራት ስልኳን ከነጠላዋ ሥር እያወጣች። «እንደምታፍር አታውቂያትም? ራሷ አንስታ ነው። እኔ ጋ ልካልኝ ለጎረቤት ሁሉ አሳይቻለሁ። እይውማ!»

ሲስተር ከበቡሽ መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ወደ ብርሃን መለሰችው። ስድስት ቅርንጫፍ። ላባ ላባ። ያምራል።

ከላባው ሥር፣ ደብዘዝ ብሎ፣ በቀይ እስክሪብቶ፦ «እንዳትነኩ! ከበቡሽ።»