ግድግዳውም ያስተምራል

ገበሬውን የሰደበው ባለ ቀይ ከረባቱ ጠበቃ አስናቀ ነው፤ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ በወረዳው ፍርድ ቤት፣ አገር እየሰማ። ገበሬው ስለ መሬቱ ሊናገር አፉን ቢከፍት፣ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ ሰውዬ ከበሬው ጋር ቢከራከር ይሻለዋል» ብሎ ችሎቱን አሳቀበት። ተረታ። መሬቱን ረሳው፤ ሳቁን ግን አልረሳውም።

ዘንድሮ ልጁን ምንታምርን ሁለት የሕግ ትምህርት ቤቶች ተቀበሏት፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ሐይቁ ዳር የተከፈተው አዲሱ።

«አባዬ፣ የአዲስ አበባው ይሻለኛል። ስመ ጥር ነው።»

«ስመ ጥር! ያ ባለ ቀይ ከረባት ውሻ የተማረው የት ሆነና? እሱን የፈለፈለች ዶሮ አንቺን አትታቀፍም!»

«እሱ'ኮ ከወጣ ስንት ዘመኑ! ግድግዳው ምን አደረገህ?»

«ግድግዳውም ያስተምራል።»

ብታለቅስም ፍንክች አላለም። የአዲስ አበባውን ትታ ሐይቁ ዳር ተመዘገበች።

አዲስ ተማሪዎች አቀባበል በተደረገላቸው ቀን፣ ጋቢውን አጣፍቶ ከልጁ ጎን ከፊት ወንበር ተቀመጠ። የትምህርት ቤቱ ዲን ሲገባ አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ከረባቱ ግን ያው ቀዩ ነው።

ንግግሩን ሲጨርስ ወርዶ ወላጆችን እየጨበጠ እሱ ዘንድ ደረሰ።

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ አባት! ጎበዝ ልጅ ነው ያመጡልን፤ እኔው ራሴ ነኝ የማስተምራት። መልክዎ ግን አዲስ አልሆነብኝም። የት ይሆን የተዋወቅነው?»

የተዘረጋውን እጅ ትቶ ወደ በሩ አመራ።

«አባዬ!» ስትል ምንታምር ከኋላው ጮኸች። «በሕግ አምላክ፣ ቁም!»

ዕድሜ ልኩን ይህን ቃል ሰምቶ አንድ እርምጃ ተራምዶ የማያውቅ ሰው፣ ወጥቶ ሄደ።