ቁልፉ ከቤቱ ጋር ነው

«ቁልፉስ?» አለ ጡረተኛው ሹፌር እጁን ዘርግቶ።

እንዝርት ኮቷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። አንድ እግሯ ከልብስ ስፌት ቤቱ ወጥቷል፤ ሌላው ገና ውስጥ ነው። እንዝርት ያለቻት አክስቷ ናት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሽከረከር አይታ። ስሙም ተጣብቆባት ቀረ። የሽያጩ ፊርማ ጠዋት አልቋል፤ ቤቱ ከነስፌት መኪናዎቹ፣ ከነደንበኞቹ የሹፌሩ ሆኗል። ውጭ እሷንና አክስቷን ሊወስድ የመጣው የኪራይ ፒካፕ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል።

«ነዳጁ በከንቱ እየነደደ ነው፤ አጥፉት እንጂ» ብሎ ነበር ሹፌሩ፣ የሙያ ነገር ሆኖበት።

«ምን ቆርጦን! አሁኑኑ እንወጣለን» አለችው። ከዚያም ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ «አክስቴ፣ ቁልፉን ስጪያቸው፤ አንቺ ጋ ነው» አለች።

አክስቷ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና አለች። ሹፌሩን ከላይ እስከ ታች አየችውና የብስኩት ጣሳዋን ከመደርደሪያው አንስታ ደረቷ ላይ አቀፈች።

«ይሄማ የኔ ነው! ከልብስ ማጠቢያ ቤታችን ጀምሮ አንድ በአንድ የለቀምኩት። ማን ሽጡልኝ አላችሁ?»

ጣሳው ሙሉ የልብስ ቁልፍ ነው፤ የሸሚዝ፣ የኮት፣ የሕፃን ቀሚስ፣ ባለቤቱ የጠፋ ሁሉ። ሹፌሩ ግን ይህን ከየት ይወቅ? የተታለለ መሰለው።

«እንዴ እትዬ! ቁልፍማ ከቤቱ ጋር ነው እንጂ! ያለ ቁልፍ ምን ቤት አለ?»

እንዝርት በሳቅ ፈነዳች። «የበሩን እኮ ነው አክስቴ፣ የሸሚዙን አይደለም!» ብላ ጣሳውን ልትቀበላት ስትንደረደር ከአክስቷ እጅ አመለጠ። ቁልፉ ሁሉ ሲሚንቶው ላይ ተበተነ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለ ሹፌሩ፣ እያቃሰተ እየተንበረከከ። እንዝርትም ጠረጴዛው ሥር ገባች።

አክስቷ ከወንበሯ አልተነሣችም። አንገቷ ላይ በክር ያንጠለጠለችውን የበር ቁልፍ አወለቀችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ከቤቱ ጋር ነው አሉ?» አለች። «እንግዲያው እኔም ከቤቱ ጋር ነኝ።»

እንዝርት መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ሳቀች። የአክስቷን ፊት ስታይ ግን ሳቁ አፏ ላይ ቀረ።

እንዝርት የፎቶ ኮፒ ቤት ስትከፍት አክስቷ ወረቀት ስትደረድር ከረመች። ልብስ ማጠቢያ ስትከፍት ተኮሰች። ጁስ ቤት ስትከፍት ብርቱካን ላጠች። ሥራው መስመር በያዘ ቁጥር እንዝርትን እጇን ይበላታል፤ ትሸጠዋለች፣ ሌላ ትከፍታለች። ሁሉም ለፋብሪካው ነው፤ ለተማሪ ዩኒፎርም ፋብሪካዋ። ትልቅ መስኮት ያለው አዳራሽ ተከራይታለች። የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ቆሟል፤ እሱም አጭር ነው፣ በአክስቷ ቁመት የተለካ። ግን ትመጫለሽ ወይ ብላ ጠይቃት አታውቅም።

«ተነሺ እባክሽ፤ ሰውየው ቆሞ ይጠብቀናል። ጠረጴዛውን እኮ በአንቺ ልክ ነው ያሠራሁት!»

«ምነው ሳታሠሪው ብትጠይቂኝ?» አለች አክስቷ። «ኮፒ ቤቱን ለመድኩ፤ ሸጥሽው። ማጠቢያውን ለመድኩ፤ ሸጥሽው። እዚህ ደግሞ የማን ሱሪ የት ጋ እንደሚቀደድ ለይቼ አውቃለሁ። ደከመኝ ልጄ። ሥራው አይደለም፣ መሰናበቱ ነው።»

«ይሄ የመጨረሻው ነው። ፋብሪካው አይሸጥም!»

«ስለ ጁስ ቤቱም የመጨረሻ ነው ብለሽኝ ነበር።»

ሹፌሩ አንድ እፍኝ ቁልፍ ይዞ ተነሣ። «እኔ ሰው አልገዛሁም፤ በነገራችሁ አታስገቡኝ» አለና እፍኙን ቀስ አድርጎ ጣሳው ውስጥ ጨመረ።

«ያለ አንቺ ማን ይቆርጥልኛል?» አለች እንዝርት። ድምፁ የራሷ አልመስል አላት። ፈራች። ኪሳራ እንኳ እንዲህ አስፈርቷት አያውቅም።

«የምትቀመጪ ቀን ጥሪኝ። ያን ጊዜ በእግሬ እመጣለሁ።»

ፒካፑ ጥሩንባውን ነፋ። እንዝርት ዘወር ልትል ስትል አክስቷ የኮቷን ጫፍ ያዘች።

«ነይ ወዲህ። ልብስ ስፌት ቤት ሻጯ ቁልፏ የወለቀ ኮት ለብሳ ትዞራለች፣ ወይ ጉድ!»

«ላውልቀው?»

«ጊዜ የለሽም አይደል? እንደለበስሽው እሰፋዋለሁ። ብቻ አትነቃነቂ፣ መርፌ ነው።»

እንዝርት ለቅማ መዳፏ ላይ ከያዘቻቸው አንድ ጥቁር ቁልፍ መረጠች። ከኮቱ ሌሎች ቁልፎች ጋር ባይገጥምም ይመሳሰላል። ክሩን በአንድ ሙከራ አሳለፈችና መስፋት ጀመረች። ግንባሯ የእንዝርትን ደረት ሊነካ ትንሽ ቀረው፤ ከፀጉሯ የካውያ ሽታ ይመጣል። ጥሩንባው ደገመ። እንዝርት ሳታስበው ወደ በሩ ሳብ አለች፤ ክሩ ወጥሮ መለሳት።

«አትነቃነቂ አልኩሽ!»

ሌላ ቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አመላልሳ ክሩን በጥርሷ ትበጥሰው ነበር። ዛሬ ግን መርፌው ይገባል፣ ይወጣል፣ ይገባል። አክስቷ ቀና ብላ አታያትም።

«ጋሼ» አለች እንዝርት፣ ከቆመችበት ሳትንቀሳቀስ። «ባለ ፒካፑን፣ ሞተሩን አጥፋው በሉልኝ።»

ሹፌሩ ወጣ። ሞተሩ ዝም አለ። መርፌው እንደገና ገባ።