ከዘንጉ የማይወጣ ቀለበት

ኬሚስቱ ሰማያዊ ጓንቱን ገልብጦ አወለቀና ሞልቶ ወደተረፈው የጓንት ቅርጫት ወረወረው። በመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ያቆመውን ጣት የምታህል ነጭ የመመርመሪያ ሰሌዳ ከሥሯ ያለው ፈሳሽ እያራሰ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር፣ ሚስቱ የቤተ ሙከራውን በር በርግዳ ገባች።

«እማዬ ታች መኪና ውስጥ እየጠበቀችን ነው፤ አንተ ዛሬም ከብልቃጥህ ጋር ነህ?»

«ጥቂት ታገሺኝ፣ እመቤቴ! በዓይን የማይታይ ቀለበት በዘንግ ላይ ሰክቻለሁ። እንዳይወጣም በዘንጉ ጫፍና ጫፍ ፖርፊሪን የሚባሉ ሰፋፊ ሐምራዊ ሞለኪውሎች አቁሜበታለሁ። ዛሬ አፈላሁት። ሰሌዳው ላይ አንድ ነጥብ ከታየ ቀለበቱ ጸንቷል፤ ሁለት ከታየ ግን ወልቋል፤ የሦስት ዓመት ድካሜም አብሮት ወለቀ።»

ይህን ሲናገር እጁን እንደ ሰባኪ ዘርግቶ ነበር። እርሷ ግን ያየችው ጣቱን ነው።

«የአባዬ ቀለበት የት አለ?»

በጣቱ ላይ የቀረው ነጭ ምልክት ብቻ ነበር። የሟች ባላቸውን ቀለበት በገዛ እጃቸው ያጠለቁለት አማቱ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ሰላም ሲሉት አስቀድመው ጣቱን ይዳብሳሉ፤ ጉንጩን የሚስሙት ከዚያ በኋላ ነው።

«ጠዋት ነበረ» አለ፣ ድምፁ ሰልሎ።

«ጠዋትማ ትዳርም ነበረህ!»

ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠለት። በሥራ ብዛት ጣቱ ከስቷል፤ ከጠዋት ጀምሮም ጓንት ሲገለብጥና ሲጥል ነው የዋለው። ቀለበቱ ከአንዱ ጓንት ጋር አብሮ ሄዷል።

ሁለቱም አዲስ ጓንት አጥልቀው በቅርጫቱ ፊት ተንበረከኩ፤ ንስሐ የሚገቡ ይመስሉ ነበር።

«ሰው ቁልፍ ይጥላል፤ አንተ አባቴን ቆሻሻ ውስጥ ትጥላለህ?»

«እየነቀፍሽኝም ቢሆን የጓንቶቹን ጣት ሁሉ ዳብሺ።»

በመጨረሻ ከአንድ ጓንት ጣት ውስጥ ጠጣር ነገር አገኘች። ቀለበቱን አጥባ መልሳ አጠለቀችለት፤ ወዲያውም ተንሸራቶ ሊወጣ ዳዳው። ቀና ብላ ሰሌዳውን አየች። አንዲት ሐምራዊ ነጥብ ብቻ።

«ያኛውስ ጸንቷል» አለች።

«እልል በይ እንጂ!»

«ቆይ፣ ይኼኛው ይቅደም።» ከግድግዳው የመድኃኒት ሣጥን ፕላስተር አወጣችና ቀለበቱ እንዳይወልቅ ከበላዩ፣ በጥፍሩ በኩል፣ ጣቱን ደጋግማ ጠቀለለችው።

ጠቅልላ ሳትጨርስ አማቱ መጠበቅ ሰልችቷቸው ገቡ። እንደ ልማዳቸው አስቀድመው ጣቱን ዳበሱ። ቀለበቱን ሲያገኙ ፊታቸው በራ፤ ከበላዩ ያለው እብጠት ግን አስደነገጣቸው።

«ምን ሆነህ ነው፣ ልጄ?»

«ፖርፊሪን ነው፣ እማማ።»

«እግዜር ይማርህ!» አሉና ጣቱን በሁለት እጃቸው ይዘው በቀስታ እፍ አሉለት።