የተካሰስንባት አልማዝ

ጓድ ዘገዬ ከብረት ሣጥኑ አንዲት አልማዝ በወረንጦ አንስቶ አጽብሐ መዳፍ ላይ ያስቀምጣል። ከጎኑ ሆኜ አያታለሁ። የኔዋ ናት። ስድስት ዓመት ፍርድ ቤት ያመላለሰችኝ ድንጋይ።

ለኔም ሌላ ድንጋይ፣ ለሁለታችንም ባዶ ቀለበት ይሰጠናል። «ግማሽ ሰዓት አላችሁ» ይላል። የማኅበራችን ተቆጣጣሪ ነው። «ቀለበቱ ላይ አሳምሮ የተከለ ይቀጥላል። ያልቻለ መሣሪያውን አስረክቦ ቤቱ ይገባል።» ይህን ብሎ ወደ መዝገቡ ይመለሳል።

የሰፈራችን ወርቅ ቤቶች በማኅበር ከተጠቃለሉ፣ ያለን ድንጋይ ሁሉ ተመዝግቦ እዚያ ሣጥን ከገባ ወዲህ ለኔና ለአጽብሐ አንድ ጠረጴዛ ደርሶናል። ማንም አልጠየቀንም። አምስት ወር ጎን ለጎን ስንቀመጥ አንዲት ቃል አልተነፈስንም። ወረንጦዬ ቢጠፋብኝ እንኳ ተነስቼ ከወዲያኛው ጠረጴዛ እዋሳለሁ እንጂ የሱን አልነካም።

ድሮ አልማዝ ወደዚህ ሰፈር የሚገባው በአጽብሐ እጅ ብቻ ነበር። አስመጪው ለሌላ ለማንም አይሸጥም፤ ሁላችንም እሱ ጋ ደጅ እንጠና ነበር፣ በጠራው ዋጋ እንገዛ ነበር። ያም ሆኖ ወዳጄ ነበር። ሚስቱ ምብራት ልጄን ሰርክአዲስን ክርስትና አንስታልኛለች። እንግዲህ አበልጄ የሰጠኝን በፊቱ በማጉያ ላገላብጥ? ነውር ነው። አምኜው ገዛሁ፣ ቤቴ ገብቼ ሳያት ጠርዟ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች።

ከሰስኩት። «እያየ ሸጠልኝ» ብዬ አስጻፍኩ። እሱ ዳኛው ፊት ቀርቦ «አልማዟ እውነተኛ ናት» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። ንጉሡ ወረዱ፣ አዋጁ ተለወጠ፣ ዳኛው ተቀያየረ፣ የኛ ፋይል ግን አለ። ነገም ቀጠሮ አለን።

አጽብሐ ድንጋይዋን ወደ ከንፈሩ ያስጠጋል። ይኸው፣ ጀመረ። አልማዝ ከንፈር ላይ ይቀዘቅዛል፣ ብርጭቆ ግን ቶሎ ይሞቃል፤ ይህን የማያውቅ አንጥረኛ የለም። ግን ሰው ማጉያ ያነሳል እንጂ ድንጋይ አይስምም። ጉራ ነው እላለሁ ሁልጊዜ። ጠዋት ጠዋትም ምብራት ከዶሮ ማነቂያ ሰፈር እጁን ይዛ እስከዚህ በር ስታደርሰው፣ «በሽምግልና ሙሽራ ሆኑ» እያልኩ ስቄባቸዋለሁ።

አሁን ፊቱን እጠብቃለሁ። ድንጋይዋን ሲያውቃት ይደነግጣል፣ ወይ ዞር ብሎ በክፉ ዓይን ያየኛል።

ፈገግ ይላል። «ጥሩ ድንጋይ ናት» ይላል ለራሱ። ቀለበቱ ላይ ያስቀምጣትና ድንጋይ የሚይዙትን የቀለበቱን ጥርሶች በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፤ አራት ናቸው። ጥርስ የሚጫንበትን ብረት ያነሳል። የመጀመሪያውን ሊጫን የተዘጋጀው ልክ ስንጥቋ ላይ ነው። እዚያ ላይ ከተጫናት ለሁለት ትከፈላለች።

አላወቃትም። ስድስት ዓመት የተካሰስንባትን ድንጋይ አላወቃትም። አያያትም እኮ። አምስት ወር ሙሉ ሐብል ብቻ ሲሠራ የከረመው ጣቱ በራሱ ስለሚያውቀው ነው። ያን ጊዜ ሲሸጥልኝም አላያትም። ከንፈር እውነተኛነቷን ይነግረዋል እንጂ ስንጥቋን ከየት አምጥቶ ይንገረው? እኔ ከንቱ፣ ምብራት እጁን ይዛ ስትመጣ በየቀኑ እያየሁ።

«አበልጅ» እላለሁ።

ብረቱ አየር ላይ ይቀራል። አጽብሐ ወደኔ ይዞራል፤ ዓይኑ ግን ትከሻዬን አልፎ ግድግዳው ላይ ያርፋል።

«እምሩ?»

«ድምፅህን ዝቅ አድርግ። ድንጋይዋን ወደ ግራ አዙራት። ትንሽ ጨምር። በቃ።»

«ምን ሆነች?»

«ስንጥቅ አለባት። አሁን ስንጥቋ በሁለት ጥርሶች መሃል ውላለች፣ ተጫን።»

አይጫንም። ብረቱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። «እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ለዳኛው ምን ልበል ነበር? ጥላ ጥላውን ነው የማየው ብል ማን ወርቁን ያምነኛል? ምብራትን ምን አበላት ነበር?»

«ለኔ ትነግረኝ ነበራ።»

«ላንተማ አፈርኩ።»

የተናደድኩት በራሴ ነው፣ ዕንባዬም አብሮ መጥቷል። ወንበሬን ስቤ እጠጋዋለሁ። እሱ ይጫናል፣ እኔ አያለሁ። «ቀጥ አድርገው። ሦስተኛው ላልቷል። አሁን ያዘ።» የሱ እጅ ድሮም ከኔ ይበልጣል፤ ይህን ለፍርድ ቤቱ አልተናገርኩም።

ጓድ ዘገዬ መጥቶ ቀለበቱን ወደ መስኮቱ ያነሳል፣ ጥርሶቹን በጥፍሩ ይሞክራል። «የማን ሥራ ነው?» ይላል እኔን እያየ።

«የአጽብሐ።»

«ጥሩ ነው። የርስዎስ፣ ጋሽ እምሩ?»

ለኔ የተሰጠችው ድንጋይ እንዳለች ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። ጨርሶ ረስቻታለሁ።

«አምስት ደቂቃ ቀርቶዎታል» ብሎ ይሄዳል።

አምስት ደቂቃ ለኔ አይበቃኝም። አጽብሐ ይህን ያውቃል። ጠረጴዛውን እየዳበሰ ድንጋይዬን ያገኛታል። «አንተ ብቻ ተናገር» ይለኛል። «እኔ እጫናለሁ።»

«ነገ ቀጠሮ አለን» እለዋለሁ።

«አውቃለሁ።»

«ምብራት አትድከም። እኔ መጥቼ እጅህን ይዤህ እሄዳለሁ። ፋይሉን አብረን እናስዘጋዋለን።»

አጽብሐ ድንጋይዋን እንደ ልማዱ ወደ ከንፈሩ ሊያስጠጋ ይልና እጁን መልሶ ወደኔ ይዘረጋል፤ አገጬን ፈልጎ ያገኘዋል። ዓይኔን እጨፍናለሁ። ድንጋይዋ ከንፈሬ ላይ ትቀዘቅዛለች።